ጫካው ከተገፈፈ በረዶው አይቆይም

[ምስል፦ የአላስካ ካርታ፤ ፌርባንክስ ከተማ ላይ ነጥብ ይበራል]

እ.ኤ.አ. በ1946 አላስካ ውስጥ፣ ፌርባንክስ ከተማ አጠገብ፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ሦስት ቦታ ለዩ። እያንዳንዱ 61 ሜትር በ61 ሜትር ነው። ሦስቱም ላይ ጫካ ነበር። ከጫካው ሥር ደግሞ በረዶ የሠራ አፈር አለ።

አንደኛውን ቦታ አልነኩትም። ሁለተኛው ላይ ዛፉን ቆረጡ፤ መሬቱን የሸፈነውን ግን ተዉት። ሦስተኛውን ሙልጭ አድርገው ገፈፉት። ዛፍ የለም፣ ቁጥቋጦ የለም፣ የመሬቱም ልባስ የለም። ከዚያ መለካት ጀመሩ። 26 ዓመት ለኩ።

[ምስል፦ ሦስቱ ቦታዎች ጎን ለጎን፣ አፈሩ ተቆርጦ ሲታይ]

ያልተነካው ቦታ ላይ በረዶው ባለበት ቆየ። ዛፉ ብቻ በተቆረጠበት ቦታ የበረዶው አናት እስከ 4.7 ሜትር ወረደ። በተገፈፈው ቦታ እስከ 6.7 ሜትር። አየሩ ያው ነው፣ ፀሐዩም ያው። የተለየው የላዩ ሽፋን ብቻ ነው። ጫካ ለመሬቱ ምን እንደሚያደርግለት በዚህ ልክ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ሙከራ እኔ አላውቅም።

እንግዲህ ስለ ፐርማፍሮስት ነው የምናወራው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ ከዜሮ ዲግሪ ያላለፈ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል። በሙቀቱ ወራት ከላይ ያለው ስስ ንብርብር ይቀልጣል፣ ብርዱ ሲመጣ መልሶ ይደድራል። የዛፎቹ ሥር የሚኖረው እዚያች ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ከሥሯ ያለው ግን ጥልቀቱ ያስደነግጣል። ሩሲያ ውስጥ፣ ያኩትስክ ከተማ፣ ፊዮዶር ሸርጊን የሚባል ነጋዴ እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1837 የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ። 116 ሜትር ወረዱ። አፈሩ አሁንም በረዶ ነው። ተዉት።

[ምስል፦ የላርች ዛፍ ጫካ በያኩትያ፣ ያኩትስክ ባለችበት የሩሲያ ግዛት]

ጫካው ይህን በረዶ እንዴት ነው የሚጠብቀው?

ጥላው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ማንም ይገምታል። ሁለተኛው ግን ግር ያሰኛል። ከሰማይ የሚወርደው በረዶ መሬት ላይ ሲከመር መሬቱን ከብርድ ይከልለዋል። በውስጡ ብዙ አየር ስላለ የአፈሩ ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል። ቅጠላቸውን የማያራግፉ እንደ ጥቁር ስፕሩስ ያሉ ዛፎች ከሚወርደው በረዶ የተወሰነውን ቅርንጫፋቸው ላይ ያስቀሩታል። መሬቱ ላይ የሚያርፈው ይሳሳል። ብርዱም ወደ ታች ይዘልቃል።

ዋናው ጠባቂ ግን ዛፉ አይደለም። ከሥሩ የተነጠፈው ሞስ ነው። ሞስ መሬት ላይ ተያይዞ የሚበቅል ለስላሳ ዕፅ ነው። ሲሞት በብርዱ ምክንያት ቶሎ ስለማይበሰብስ ሙቱ እየተከመረ፣ ሕያው ከላዩ እየበቀለ ይወፍራል። በሙቀቱ ወራት ላዩ ይደርቃል፣ አየር ይሞላዋል፣ የፀሐዩን ሙቀት ወደ ታች አያሳልፍም። ብርዱ ሊገባ ሲል ውሃ ይጠጣል። ቀጥሎ ያ ውሃ በረዶ ይሠራል። በረዶ ደግሞ ከፈሳሽ ውሃ አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ጋቢ ለብሶ ዝናብ የመታው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ደረቁ ሙቀት ይዞ ያቆያል፣ የረጠበው ሙቀትን ከገላ ላይ ይመጥጣል። መሬቱም በሙቀቱ ጊዜ ደረቁን፣ በብርዱ ጊዜ እርጥቡን ይለብሳል። ሙቀት እንዳይገባ ይከለከላል፣ እንዲወጣ ግን መንገድ ያገኛል። ለዚህ ነው የዓመቱ አማካይ የአየር ሙቀት ከዜሮ ትንሽ ከፍ ባለበት ቦታ ሳይቀር፣ ወፍራም ሞስ ሥር ፐርማፍሮስት የሚገኘው።

በረዶውም በፈንታው ጫካውን ያኖረዋል። ያኩትስክ በዓመት የሚያገኘው ዝናብና በረዶ 250 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በዚህ ውሃ ጫካ ባልተጠበቀ ነበር። ነገር ግን ከሥር ያለው የደደረ መሬት ውሃው ወደ ታች እንዳይሰርግ ያግደዋል። ላርች የተባለው ባለመርፌ ቅጠል ዛፍ ሥሩን በጥልቀት ሳይሆን ወደ ጎን ዘርግቶ እዚያ የታቆረውን እርጥበት ይጠጣል።

[ምስል፦ ወደየአቅጣጫው የተንጋደዱ ዛፎች፤ ቀጥሎ ባታጋይ ከሰማይ ሲታይ]

አፈሩ ውስጥ ብዙ ግግር በረዶ ካለና ከቀለጠ መሬቱ ይሰምጣል። ዛፎቹ ይንጋደዳሉ። አንዳንዴ ነገሩ እዚያ ላይ አይቆምም። ያኩትያ ውስጥ ባታጋይ የምትባል ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጫካ ተመነጠረ። የተራቆተው መሬት መቅለጥ ጀመረ፣ ቦይ ሆነ፣ ቦዩ ገደል ሆነ። ዛሬ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው በየዓመቱ እየተናደ ይሰፋል። ከሥሩ የወጣው አፈር ውስጥ 650,000 ዓመት ገደማ በረዶ ሆኖ የቆየ አለ። ያን ሁሉ ዘመን የዘለቀ ነገር አንድ ሰው በዕድሜው ሊያየው በሚችል ጊዜ ውስጥ ሲፈርስ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ዛሬ ከመጥረቢያ ይልቅ የሚያሰጋው እሳት ነው። በምድር ሰሜን ያለው በረዶ የሠራ አፈር የያዘው ካርቦን 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይገመታል። አየር ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ማለት ነው። አፈሩ ሲቀልጥ ጀርሞች ይበሉትና ወደ አየር ይለቁታል። ስለዚህ ዜና ላይ የሰሜን ጫካ ተቃጠለ ሲባል፣ ስንት ሄክታር ከሚለው ቁጥር ይልቅ እኔ የምጠይቀው እሳቱ ወደ ታች ምን ያህል በላ ብዬ ነው። ከሞሱ ጥቂት ከተረፈ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ይወፍራል፣ በረዶውም ወደ ላይ ይመለሳል። እስከ አፈሩ ከነደደ ግን እንደ በርች ያሉ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ቦታውን ይይዛሉ። የሚያራግፉት ቅጠል ሞሱን አፍኖ እንዳይበቅል ያደርገዋል። በርች በቀላሉ እሳት አይዝም፤ ይህ ደግ ነገር ነው። በረዶውን ግን እንደ ሞሱ አይጠብቀውም።

[ምስል፦ የዩኮን ፍላትስ ረግረጎች]

አላስካ ውስጥ ሰው ከማይኖርበት ቦታ የተነሳን እሳት እንዲሁ ነዶ እንዲጠፋ መተው የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኮን ፍላትስ በተባለው ጥብቅ የዱር አራዊት ቦታ ይህ ተለወጠ። 650,000 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ እሳት ሲነሳ ቶሎ እንዲጠፋ ተወሰነ። እዚያ የሚጠበቀው ቤት ወይም መንገድ ሳይሆን ከሥር ያለው በረዶና የያዘው ካርቦን ነው።