«እያደገች ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

ደህና ናችሁ? ዛሬ ስለ ጂም አላወራም። እሺ፣ ትንሽ አወራለሁ፤ ጣጣው የጀመረው እዚያ ነውና። «ፕሮቲኑ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ፣ ደስ ይበላችሁ። ጥንቸሎቼንም ወደ ፕሮቲኑ ሰልፍ አስገባኋቸው።

ፋጉሎውን፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን መኖ፣ እጥፍ አደረግኩት። የኑግ ፋጉሎ ሲሶው ገደማ ፕሮቲን ነው። ለምታድግ ጥንቸል ከመኖዋ 16 በመቶ አካባቢ ይበቃታል፤ ፉርሽካው ብቻውን እንኳን ወደዚያ ይጠጋል። እኔ ግን ሳሩን ቀነስኩ። ሳር ምን ይፈይዳል ብዬ። ባለፈው እንዲያውም የዓሣ ራስ አድርቄ ልፈጭላቸው አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ዓሣ ገበያው ድረስ ሄጄ ነበር። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ቀደሙኝ እንጂ።

ማክሰኞ ማታ ነው። የጎረቤት ልጅ ኬጁ ጋ ቁጢጥ ብላለች። «ጋሼ፣ የነጯ ሆድ ተነፋ እኮ» አለችኝ። ስልኬን እያየሁ ነበር። «እያደገች ነው» አልኳት። «ፕሮቲን ነው።» ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «አትበላም እኮ» አለች። አልሰማሁም ልላችሁ እችል ነበር። ሰምቻለሁ።

ጠዋት ነጯ ደርቃ አገኘኋት። ከስሯ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉ። ሳይፈጭ የተረፈው ፕሮቲን ወደ ዕውር አንጀቷ (ትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለው ከረጢት) ይወርድና መጥፎዎቹን ባክቴሪያዎች ይቀልባል። ሳሩ ደግሞ አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ነበር። እሱን ቀንሼባታለሁ። አያችሁ፣ ሁለቱንም በአንዴ።

የሚገርመው ጥንቸል ፕሮቲኗን ራሷም ትሠራለች። ያው ዕውር አንጀቷ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ያመርቱላታል፤ እሷ ለስላሳዋን ኩስ መልሳ ትበላዋለች። አትሳቁ። ኦሪት ዘሌዋውያን «ታመሰኳለች» ያላት ለዚህ ይሆን? ይህን ለእናቴ ብነግራት «ሰኮናዋስ ተሰነጠቀ?» አለችኝ። አልተሰነጠቀም፣ እማ። አይዞሽ፣ አትበያትም።

ደግሞ ጥንቸል አይጥ አይደለችም። ከ1912 ጀምሮ ከአይጦች ጎራ ወጥታለች፤ ከላይኛው የፊት ጥርሷ ጀርባ ሌላ ትንንሽ ጥርስ አላት። እውነተኛውን ትልቅ አይጥ የሚያረቡት ጋናና ቤኒን ናቸው። ግራስካተር ይሉታል፤ ስሙ ራሱ «ሳር ቆራጭ» ነው። ኪሎዎች ይመዝናል፣ የዝሆን ሳርና የሸንኮራ አገዳ ይቆረጥማል፣ እሱም ኩሱን መልሶ ይበላል። ፕሮቲን ብትጨምርለት እስከ ልኩ ድረስ ይፋፋል። ከዚያ በላይ ያለው በሽንት ይወጣል። ብርህ ነው የሚሸናው። የኔም የጂም ዱቄት... ተዉት።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ልጅቷ። ስምንት ዓመቷ ነው። መጽሐፍ አላነበበችም፣ ቪዲዮ አላየችም። ዓይኗን ብቻ ነው የተጠቀመችው። እኔ ግን የመለስኩላት በዚያ... «አውቃለሁ» በሚል ድምፅ። ያ ድምፅ ነው የሚያንገበግበኝ መሰለኝ። ወይም ነጯን ስለምወዳት ብቻ ይሆናል። በእርግጥ ልጅቷን ብሰማት ኖሮም ነጯ ላትድን ትችል ነበር፤ ሆዷ አንዴ ከተነፋ... እንጃ። እንደዚያ ማለት ግን ይቀለኛል፣ አይደል?

ትናንት መጣች። አንድ እቅፍ ሳር ይዛ። ስለ ነጯ አልጠየቀችኝም። ባዶውን ኬጅ አየችውና ሳሩን ለግራጫው ሰጠችው። ሆዱን ዳሰሰችው። ቀና ብላ አየችኝ፣ የምለውን እየጠበቀች።

ሐሙስ እመዝነዋለሁ። ካልሆነም...