ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በተለይ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «መጠጥ በማቆም የመጀመሪያ ቀናት የቤተሰብ ድርሻ» የሚል ነው። 15 ደቂቃ አለሽ ተብያለሁ። ጽፌ የመጣሁት ለወጉ ብዬ አይደለም። በቃሌ ስናገር አለቅሳለሁ፤ ባለፈው ያያችሁኝ ታውቃላችሁ። አምስት ነጥብ ይዣለሁ። አንደኛው ግን ሌሎቹን በልቷቸዋል። ከወዲሁ ይቅርታ።

አብዛኞቻችሁ ወንድሜን ታውቁታላችሁ። የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች የደረደረው እሱ ነው። አሁን ውጭ ነው ያለው፤ ስለ ራሱ ሲወራ መስማት አይወድም። «ንገሪያቸው፣ እኔ ግን አልሰማም» ብሎኛል። እነግራችኋለሁ።

ወንድሜ አስር ዓመት ጠጥቷል። ወደ መጨረሻው ላይ ጠዋት ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተው ነበር። አንድ ሁለት ሳይል ከቤት አይወጣም። አንድ አርብ ማታ ግን ራሱ መጣና «በቃኝ» አለ። ማንም ሳያስገድደው። ደስታችንን እናንተ ታውቁታላችሁ። ይህችን አንዲት ቃል ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ።

ወዲያው ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ደፋኋቸው። ከዚያ ምክሩ መጣ። «ቆልፉበት» ተባለ። «ሦስት ቀን ብቻ ቆልፉበት፣ መርዙ ይውጣለት። ቢለምን አትክፈቱ፣ ቢያለቅስ አትክፈቱ።» እሱም ተስማማ። «ቆልፊብኝ፣ ራሴን አላምነውም» አለኝ። ቆለፍኩበት። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እህት የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

ሲነጋ ላቡ ፍራሹን አርሶታል። ከፍቼ ውሃ ሳጠጣው ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ይጋጫል። መልሼ ቆለፍኩ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰው ዋለ። ሌሊቱን ዓይኑን አልከደነም። በሩ ሥር እየመጣ «እህቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ይለኛል። እኔ ከበሩ ማዶ ወለሉ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ዘመድ እየደወለ «እንዴት ሆነ?» ይላል። «ይንቀጠቀጣል» እላለሁ። «ጎሽ፣ እየወጣለት ነው» ይሉኛል።

እየወጣለት!

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ከውስጥ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ጠራሁት። መልስ የለም። የሚሰማኝ የተረከዙ ድምፅ ብቻ ነው፤ ወለሉን ይደበድባል፣ ይደበድባል። ቁልፉን አወጣሁ። አልገባ አለኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የወንድሜን እጅ እያየሁ «አይ ደካማ» ስል ኖሬ፣ የዚያን ለት የኔ እጅ አንዲት ቁልፍ ቀዳዳዋ ውስጥ ማስገባት አቃተው። እንደ ምንም ስከፍት ወንድሜ ዓይኑ ተገልብጦ አረፋ ይደፍቃል።

ይዘነው ወደ አንድ ሕክምና ቦታ ሄድን። ስሙን አልጠራም። በር ላይ የተቀበለን ሰውዬ ገና ሲያየው «ይሄማ ሰክሯል፣ ሲበርድለት አምጡት» አለን። እስቲ አስቡት። በአስር ዓመት ውስጥ አንድ ጠብታ ያልቀመሰባቸው ሁለት ቀናት ቢኖሩ እነዚያ ናቸው። ሰክሮ ሲወድቅ ሰክሯል ተባለ፣ እሺ። ሳይሰክር ሲወድቅስ?

ሁለተኛው የሄድንበት ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም አየችው። አስቀድማ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ነው። «መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» «አርብ፣ ምሽት ሦስት ሰዓት ገደማ» አልኳት። ይህን እንደሰማች እጇ ፈጠነ። ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጠችው። ግሉኮስ ከመስጠቷ በፊት ደግሞ ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ወጋችው። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ሊያልቅበት ይችላል፤ ሳይተካ ከቀረ አእምሮ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያስረዳችኝ።

በዚህም አላበቃም። ሰኞ ማታ፣ ሕክምና ላይ እያለ፣ ቅዠቱ መጣ። ከአንሶላው ላይ ጉንዳን ይለቅማል። የሌለ ጉንዳን። ከሌለ ሰው ጋር ይጨቃጨቃል። እኔን በእናታችን ስም ይጠራኛል። እናታችን ካረፈች ቆይታለች።

ሐኪሟን «መርዙ እየወጣ ነው አይደል?» አልኳት። ፈገግ አለች። ጋባና ግሉታሜት የሚባሉ የአእምሮ ኬሚካሎችን እየጠራች አስረዳችኝ። እኔ የገባኝን ልንገራችሁ። አንድ ሰው በርህን ከውጭ ይገፋል እንበል። አንተ ከውስጥ ትገፋለህ። እሱ ሲበረታ አንተም ትበረታለህ። አስር ዓመት እንዲህ ተገፋፍታችሁ ኖራችሁ። አንድ ቀን የውጭው ሰው ሳይነግርህ ዞር ቢልስ? በግንባርህ ነው የምትደፋው። መጠጥ አእምሮን እያፈዘዘ ይገፋል፤ አእምሮ ደግሞ ላለመፍዘዝ ወደዚህ ይገፋል። መጠጡ በድንገት ሲቀር አእምሮ መግፋቱን አያቆምም። መንቀጥቀጡም፣ ላቡም፣ የሚጥለውም እሱ ነው።

ጊዜውም የታወቀ ነው። መንቀጥቀጡና ጭንቀቱ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ከባዱ ቅዠት፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። እንግዲህ ቁጠሩት። «ሦስት ቀን ቆልፉበት» ማለት፣ ሰው ሊሞትባቸው የሚችሉትን ሦስት ቀናት መርጣችሁ ቆልፉበት ማለት ነው!

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም። ብዙዎች በትንሽ መንቀጥቀጥና በጥቂት እንቅልፍ አልባ ሌሊቶች ይወጡታል። ግን ማን በቀላሉ እንደሚወጣው ከበሩ ማዶ ቁጭ ብሎ ማወቅ አይቻልም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የማይረጋ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሐኪም ሳያየው በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አታስገድዱት። ደግሞ ማቆምና መጀመር በተደጋገመ ቁጥር ቀጣዩ ማቆም ሊብስ ይችላል። «ባለፈው ምንም አልሆነም» ዋስትና አይሆንም።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። «ወንድ ሁን» የሚሉትን ማለቴ ነው። «ፈቃድ ካለው ያቆማል» የሚሉትን። ወንድሜ ፈቃድ አጥቶ አይደለም የወደቀው። ፈቅዶ፣ በቃኝ ብሎ፣ ቆልፊብኝ ብሎ ነው የወደቀው! ቶማስ ሳተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ዴሊሪየም ትሬመንስ የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1813 ነው። ከ200 ዓመት በላይ ሆነው። ያለ ሕክምና እስከ 35 በመቶ የሚደርሱትን ይገድል የነበረ ነገር፣ ዛሬ በጊዜው ከታከመ ከ100 ሰው ከአምስት በታች ነው የሚገድለው። መድኃኒቱ አለ። ውድ ምስጢር አይደለም። እኛ ግን ዛሬም ለሰው አእምሮ በሽታ የበር ቁልፍ እናዛለን። ሄሮይን የሚያቆም ሰው ስቃዩ ከባድ ነው፣ ማቋረጡ በራሱ ግን እምብዛም አይገድልም። በየአደባባዩ የሚሸጠው፣ በየግብዣው የሚቀዳው፣ «አንዷን ብቻ» የምንባባልበት ነው ሲቋረጥ የሚገድለው። ይህን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝ፣ አላውቅም ነበር!

በር ላይ ለመለሰን ሰውዬም አንድ ቃል አለኝ። ከልቡ ክፉ ነው አልልም። ግን አንድ ጥያቄ ቢጠይቀን ኖሮ፣ ያቺን የሐኪሟን ጥያቄ፣ መንገድ ላይ ሁለተኛ ባልጣለው ነበር። አዎ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ጥሎታል። ይህን እስከ ዛሬ ለወንድሜም አልነገርኩትም። አሁን ሳይሰማ አልቀረም።

እሺ፣ ሁለተኛው ነጥብ። ከሆስፒታል ሲወጣ «ዳነ» ብላችሁ አትሂዱ። እንቅልፉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አይስተካከልም። ይነጫነጫል። እኛ «ሳይጠጣ ይሻል ነበር እንዴ?» እስክንል ደርሰን ነበር። ጠጥቶ ሳለ ማለቴ ነው። አያችሁ፣ ዛሬም እየተናደድኩ ይምታታብኛል።

ሦስተኛ፣ አምሮቱ። እንደ ማዕበል ይመጣና ይሄዳል። ወንድሜ ሲመጣበት ጫማውን አድርጎ ይወጣል፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ፣ አናወራም። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልፍለታል። ሲርበው፣ ሲደክመው፣ ሲናደድና ብቻውን ሲሆን ይብስበታል። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠጥቷል። በማግስቱ ራሱ ወደ ሐኪሟ ሄደ። እኔ አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው።

አራተኛ፣ አምሮት የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ይባላሉ። ሐኪም ጠይቁ። ዳይሰልፊራም የሚባለውን ግን፣ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ የሚያሳምመውን፣ ሳያውቅ ምግቡ ውስጥ እንጨምርለት የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ተዉ። ሰው ሊሞትባችሁ ይችላል። ያም ያው ቁልፍ ነው፣ በዱቄት መልክ።

ወንድሜ ከሆስፒታል የተመለሰ ለት መጀመሪያ ያደረገው የመኝታ ቤቱን በር ቁልፍ መንቀል ነው። ምንም አልተናገረም። መፍቻ ፈልጎ ፈታው። ሦስት ዓመት አለፈ፤ የዚያ በር ቀዳዳ ዛሬም አለ። ነፋስ ሲያስገባ ወረቀት እንጠቀጥቅበታለን።

አምስተኛ ነጥብ ነበረኝ፣ ጊዜዬ ግን አልቋል እየተባልኩ ነው። ይቅር። አንድ ነገር ብቻ። ከመካከላችሁ ዛሬ ቤት ውስጥ ሰው ቆልፎበት የመጣ ካለ፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አይጠብቅ። አሁን ይነሳና ይሂድ። ማንም ዞሮ አያየውም። የሐኪሟ ስልክ ወንድሜ ጋ አለ፣ በሩ ላይ ቆሟል።