ቅድሚያ ለመለማመጃ ፒያኖዎች

የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን አመራሮች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ለፒያኖ ጥገና የሚመደበው ገንዘብ ሁሉንም አያዳርስም። እንግዲያው የትኛው ይቅደም? እኔ የመለማመጃ ክፍሎቹ ይቅደሙ እላለሁ።

የአዳራሹ ፒያኖ ከኮንሰርት በፊት ይቃኛል፤ መቃኘትም አለበት። እሱን የሚረሳው የለም። የሚረሳው ከጠዋት እስከ ማታ ሲመታ የሚውለው ነው። መዶሻዎቹን የለበሰው ፌልት፣ ማለትም የታመቀ ሱፍ፣ አውታሮቹን በሚመታበት በኩል ይቦረቦራል፣ ይደድራል፤ ድምፁም ይሻክራል። አንዱ ቁልፍ ይከብዳል፣ አጠገቡ ያለው ይቀላል፤ ሌላው ደግሞ ሲለቁት ቶሎ አይመለስም።

ይህን ቅኝት አያድነውም። ቅኝት የአውታሮቹን ውጥረት ያስተካክላል እንጂ ከቁልፉ እስከ መዶሻው ያለውን አሠራር አይነካም። ቅኝቱ ሲዛባ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ ይሰማዋል፤ አሠራሩ ሲዛባ ግን የሚያውቀው የተጫዋቹ ጣት ብቻ ነው። ቅሬታው ለቅኝት የሚበዛውም፣ ገንዘቡ ወደዚያ የሚሄደውም ለዚህ ይመስለኛል። ተማሪው ለስለስ አድርጎ ሲነካው ድምፁ አይወጣም፤ ስለዚህ ጠንክሮ መምታት ይለምዳል። በፈተና ቀን ደህናው ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ «እጅህ ከባድ ነው» ይባላል። እሱም ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የክፍሎቹ አየርም አለ። አንድ ፒያኖ 230 ገደማ አውታሮች አሉት፤ ጠቅላላ ውጥረታቸው በቶን የሚቆጠር ነው። የአውታሮቹን ድምፅ የሚያጎላው የድምፅ ሰሌዳ እንጨት ነውና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቅኝቱም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ካልተረጋጋ፣ ዛሬ የከፈልንበት ቅኝት ወቅት ሲለወጥ ይፈርሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በየክፍሉ እርጥበት መለኪያ ይሰቀል፣ የሚከታተለውም ሰው ይመደብ። በሴሚስተር እረፍት ባለሙያው ቃኝቶ ብቻ እንዳይሄድ፣ የቁልፎቹን አሠራር የሚያስተካክልበትና መዶሻዎቹን የሚሞርድበት ሙሉ የሥራ ቀናት ይሰጠው። አውታሮቹን ወጥረው የሚይዙት የመቃኛ ችንካሮች ላልተው ቅኝት የማይዙትን ፒያኖዎች ደግሞ ባለሙያው ይለይልን፤ ማደስ የማያዋጣውን ከአገልግሎት አውጥተን ገንዘቡን ሊድኑ ለሚችሉት እናውለው። የክፍሎቹ ቁጥር ሊቀንስ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ተማሪዎቻችን ተራ መጠበቅ ቢኖርባቸውም፣ ሲደርሳቸው የሚቀመጡት በሚታዘዝ ፒያኖ ላይ ይሁን። የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት ውሳኔያችሁን እጠብቃለሁ።

አመሰግናለሁ።