ጫማው ከአልጋ ሥር

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የመሠረተ ክርስቶስ አጥቢያችንን ታሪክ እንድናገር ስትጠይቁኝ መጀመሪያ የፈለግሁት ወረቀት ነበር። ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት መዝገብ፣ ፎቶ። ብዙም አላገኘሁም። ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰው ያሳስር በነበረበት ዘመን ማን ደፍሮ ይጽፋል? ስለዚህ ያየሁትንና ከእናቴ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

አጀማመሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሜኖናይቶች የተባሉ የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ከጣሊያን ወረራ በኋላ እርዳታ ይዘው መጡ። ናዝሬት ላይ የጥጥ መዳመጫ የነበረውን ግቢ ሆስፒታል አደረጉት። መስበክ ግን በሁሉም ቦታ የተፈቀደ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ለሚሲዮኖች አገሩን ክፍትና ዝግ ብሎ ከፍሎታል። ኦርቶዶክስ በሚበዛበት ማከምና ማስተማር ይቻላል፣ መስበክ አይቻልም። በሐረርጌ ያለው የእኛ ደደር ክፍት ስለነበር ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ተከፈተ። አባቴ እዚያ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር። ቁስል እያጠበ ስለ ጌታ ይናገር ነበር፤ ሌላ መድረክ አልነበረውም።

በ1943 በሜኖናይቶቹ አገልግሎት ያመኑ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ተጠመቁ። ኋላ ቤተ ክርስቲያኗ መሠረተ ክርስቶስ ተባለች። ስሙ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ነው፦ «ከተመሠረተው በቀር ማንም ሌላ መሠረት ሊመሠርት አይችልምና፥ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።»

ከዚያ ጥር 16 ቀን 1974 መጣ። ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን በመላው አገሪቱ ዘጋ። ሕንፃውን ወረሰ፣ ገንዘቡን አገደ፣ መሪዎቹን አሰረ። ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ጫማ መደበቅ ነበር። በር ላይ ሰባት ጥንድ ጫማ ከታየ ሰው ይጠረጥራል። ስለዚህ እንግዶቹ አንድ በአንድ፣ ሰዓት እየቆጠሩ ሲገቡ፣ ጫማቸውን ተቀብዬ ከእናቴ አልጋ ሥር እደረድራለሁ። ሲወጡ የማንን ለማን እንደምሰጥ ጠንቅቄ አውቃለሁ። የአንዷ እናት ጫማ በሽቦ የተሰፋ ነበር፤ እጄን እንዳይወጋኝ በተረከዙ ነበር የምይዘው። እናቴ ሆጃ፣ የሐረርጌን ትኩስ መጠጥ፣ ታፈላለች፤ ሰው ቢመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሆጃ እየጠጣ ነው። መዝሙሩ በከንፈር ብቻ ነው። ድምፅ የለውም። ግን ሁሉም እኩል ይጀምራል፣ እኩል ይጨርሳል።

ሙስሊም ጎረቤታችን ሁሉን ያውቁ ነበር። የማያውቁት ኮቴ በመንገዱ ሲመጣ «ሂጂ! ውጪ!» እያሉ ዶሯቸውን ያባርራሉ። ያኔ እናቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ጤፍ ውስጥ ትቀብራለች። እኚህን ሴት ሳላነሳ የዚህን አጥቢያ ታሪክ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1983 ደርግ ወድቆ በአደባባይ ስትሰበሰብ 34,000 ገደማ ሆኑ። ያ ሁሉ ሰው ያመነው እንደ እናቴ ባሉ ጓዳዎች ውስጥ ነው። ታሪካችንን ስንጽፍ ግን የሰባኪዎቹን ስም እንደረድርና ጓዳውን እንዘለዋለን። ይህ ያመኛል።

ጓዳቸውን የከፈቱልን እናቶች ጥቂቶቹ ዛሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ከምሳ በኋላ ወጣቶቹ ስልካቸውን ይዘው ሊቀርጿችሁ አጠገባችሁ ይመጣሉ። እናቶቼ፣ እባካችሁ አትቸኩሉ። ከጫማው ጀምሩላቸው።