እራት የማትበላው የእሳት እራት

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ስም ላወራችሁ ነው።

ትናንት ማታ መብራት አብርቼ ሳነብ አንዲት የእሳት እራት መጣችና አምፖሉን ትገጨው ጀመር። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። ማንበቡን ተውኩት። በሁለት እጄ ከድኜ ያዝኳትና በመስኮት ለቀቅኳት። ስመለስ አውራ ጣቴ ላይ ግራጫ ዱቄት ቀርቷል። ዱቄት ይምሰል እንጂ የክንፏ ቅርፊት ነው፤ እንደ ጣራ ክዳን አንዱ የሌላውን ጫፍ እየደረበ ክንፏን የሚያለብሳት እሱ ነው። ላድናት ብዬ ልብሷን ገፈፍኳት።

ከዚያ ስሟ ያሳዝነኝ ጀመር። የእሳት እራት። እሳት የሚበላት ማለት እኮ ነው! በአሟሟቷ ነው የጠራናት። እኛ የምናውቃት መብራት ስር በምትሽከረከርባት በዚያች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው ዕድሜዋ ቅጠል ላይ ነው ያለፈው፤ አባጨጓሬ ሆና።

ሰሞኑን የማነበው የኦክ ቅጠል ስለሚበሉት አባጨጓሬዎች ነው። ኦክ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በብዛት ያለ፣ መቶ ዓመታትን የሚያስቆጥር ትልቅ ዛፍ ነው። በላዩ የሚያድጉት የአባጨጓሬ ዓይነቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ልቤን የወሰደችው ግን አንዷ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ኦፐሮፍቴራ ብሩማታ ይባላል።

አውሮፓ ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ አብዛኛው ነፍሳት ከብርዱ ሲሸሸግ፣ እሷ ከአፈር ትወጣለች። ወንዱ ክንፍ አለው፤ ይበራል። የሴቷ ክንፍ ግን ጉቶ ነው፤ አያበራትም። በእግሯ ነው የምትሄደው። በጨለማው፣ በብርዱ፣ ግንዱን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። ላይ ስትደርስ በዛፉ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ ትሞታለች። ልጆቿን አታያቸውም።

እንቁላሎቹ ብርዱን እዚያው ይከርማሉ። የሚፈለፈሉባት ቀን ናት ሁሉን የምትወስነው። ያቺ አባጨጓሬ ስትወጣ የክር ቁራጭ ታህላለች። የዛፉ እንቡጥ ገና ካልተከፈተ የምትበላው የለም፤ ሳትበላ የምትቆየው ጥቂት ቀን ነው። አንድ መላ ግን አላት፦ ቀጭን ሐር ትፈትልና ነፋሱ ወደ ሌላ ዛፍ እንዲወስዳት ራሷን ትለቃለች። ከዘገየች ደግሞ ቅጠሉ ጠንክሮ ይጠብቃታል። በፈረንጆቹ 1970 ፖል ፊኒ የተባለ ተመራማሪ ኦክስፎርድ አጠገብ በዋይታም ደን ያጠናውን አሳትሞ ነበር። የኦክ ቅጠል ለጋ ሳለ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ሳምንታት ሲያልፉ እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ታኒን የሚባለውም ነገር ይበዛበታል። ታኒን በጣም የፈላ ሻይ ስትጠጡ ምላሳችሁን የሚያደርቀው ነው። ቆዳ የሚለፋውም በእሱ ነው። እስቲ አስቡት፣ ቆዳ የሚያለፋ ነገር የአንዲት ትንሽ ትል ሆድ ውስጥ ሲገባ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀመጥኩ። እናቴ ሹራብ ስትሠራልኝ ሁልጊዜ ከልኬ አስበልጣ ነበር። እጅጌው ጣቴን ይሸፍነው ነበር፤ እኔም አኮርፍ ነበር። የመጨረሻው ልክ የሆነኝ እሷ ካረፈች በኋላ ነው። እጅጌውን መጠቅለል የተውኩበት ጠዋት ትዝ ይለኛል። ስለ እንቁላሎቹ ሳነብ የመጣብኝ ያ ሹራብ ነው፤ ለማታየው ቀን ለክታ የሠራችው።

አሁን ግን ልኩ እየተዛባ ነው። በፈረንጆቹ 2001 ተመራማሪው ማርሴል ቪሰርና ባልደረባው ኔዘርላንድስ ውስጥ ያዩትን ጻፉ፤ ፀደዩ ሲሞቅ እንቁላሎቹ የኦኩን እንቡጥ እየቀደሙ ይፈለፈሉ ነበር። እናትየው ምንም አላጠፋችም። የአየሩ ጠባይ ነው የከዳት። ይኸው ቡድን በ2013 ሌላ ዜና ይዞ መጣ፦ የእሳት እራቶቹ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ አድርገው መፈልፈያቸውን እያዘገዩ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ፣ እውነቴን ነው።

ሌላም አለች፣ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፤ ኔሞሪያ አሪዞናሪያ። በፀደይ የሚፈለፈሉት ልጆቿ የኦኩን አበባ ይበላሉ፤ እንደ ዘርፍ የሚንጠለጠለውን ቢጫ አበባ። እነሱም እሱኑ ይመስላሉ፣ ሻካራ፣ ቢጫ። በበጋ የሚፈለፈሉት አበባው ስለረገፈ ቅጠል ይበላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ጭራሮ ይመስላሉ። ኤሪክ ግሪን የተባለ ተመራማሪ በ1989 እንዳሳየው ልዩነቱን የሚያመጣው ምግባቸው ነው። ታኒን የበዛበትን የበላ ጭራሮ ይሆናል፣ ያነሰበትን የበላ አበባ።

ጉዳት አያደርሱም አልልም። በ1860ዎቹ መጨረሻ ትሩቬሎ የተባለ ሰው ከአውሮፓ አምጥቶ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሲያረባቸው ያመለጡት የሌላ ዓይነት እራቶች እስከ ዛሬ ደኑን ቅጠል አልባ ያደርጉታል። ግን ባሕር ያሻገራቸው ሰው ነው። ኦክም ብርቱ ነው፤ ቅጠሉን ቢጨርሱበት በዚያው በጋ ሌላ ያወጣል።

አንድ ጊዜ እንዲህ በተወረረ የኦክ ደን ውስጥ ቆሜ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ዝናብ ሲያካፋ ይሰማኛል። እጄን ዘረጋሁ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነገር መዳፌ ላይ ወደቀች። የአባጨጓሬ ኩስ ነበር። ያ ሁሉ ድምፅ የመብላት ድምፅ ነው።

እና ማን ነው እራቱ? የነፍሳት ተመራማሪው ዳግላስ ታላሚ እንደሚለው ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ አንድ ጎጆ ጫጩት ለማሳደግ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ታመላልሳለች። በቻይና የኦክ ቅጠል እየበላች ቡናማውን የቱሳ ሐር የምትሰጠው አንቴሬያ የምትባል የእሳት እራት ደግሞ ክንፍ ካወጣች በኋላ የሚበላ አፍ እንኳ የላትም። እራት አትበላም። አባጨጓሬ ሳለች በበላችው ነው የምትበረው።

ዛሬ ከመቅዳቴ በፊት አንድ አጭር ቪዲዮ አየሁ። ሌሊት ነው፤ አንድ ሰው የኦክ ግንድ ላይ የእጅ ባትሪ ያበራል። ያቺ ክንፈ ጉቶ ከታች መጣች። የብርሃኑ ክብ ውስጥ ገባች፣ አልቆመችም፣ አልዞረችም፤ በስድስት እግሯ አቋርጣው ከላይ ወደ ጨለማው ወጣች።