ዘንጉ ፒ ሲል ካምቢዮውም ፒ ላይ ይሁን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማይክሮፎኑን ይዤ ጋራዥ ገብቻለሁ። መሀል ላይ ላሜራ ሲንኳኳ ከሰማችሁ መኪናውን ተደግፌ ስለማወራ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማርሽ ዘንግ ነው። እጃችን ስለሚይዘው ዘንግ፣ ስለ እሱ ብቻ። እዚህ መኪና ላይ ብዙ ነገር ገጥሜያለሁ። የዚህን ያህል ያሳሰበኝ፣ የዚህን ያህልም ያስደነገጠኝ ዕቃ ግን የለም።

መኪናውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የ1931 ፎርድ ሞዴል ኤ ነው፣ ባለ ሁለት በር ኩፔ። ሞተሩ ግን የሼቭሮሌት 350 ቪ8 ነው። ካምቢዮው የጄነራል ሞተርስ ቱርቦ 350፣ ባለ 3 ማርሽ ኦቶማቲክ። እዚህ ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን መኪና ሆት ሮድ ይሉታል። ድሮ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ ይገዛሉ። ክብደቱን ያራግፋሉ፣ ሞተሩን ያጠነክራሉ፣ ከዚያ በረሃው ውስጥ ወዳሉት ደረቅ ሐይቆች፣ ወደ ሙሮክና ወደ ኤል ሚራዥ፣ ወስደው ይሽቀዳደሙበታል። የእነሱ ማኅበር፣ ኤስሲቲኤ የሚባለው፣ በ1937 ነው የተቋቋመው። እስከ ዛሬም አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ያዙልኝ።)

ሆት ሮድ ላይ ኦቶማቲክ አይገባም የሚሉ ሰዎች አሉ። አልከራከራቸውም። እኔ ባለቤቴም ልጄም እንዲነዱት ፈልጌ ነው። ደግሞ 405 መንገድ ላይ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የዋለ ሰው ይረዳኛል።

ግን ኦቶማቲክም ቢሆን ዘንጉ ከወለል እንዲወጣ እፈልግ ነበር። ረጅም ሆኖ፣ ትንሽ ጎበጥ ብሎ። ምክንያቱ አጎቴ ነው። የኤንትሬ፣ የጭነት መኪናው፣ ሹፌር ነበር። ልጅ ሳለሁ አልፎ አልፎ ጋቢና ያስቀምጠኛል። ያ ከወለሉ የሚወጣው ዘንግ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። እጄን ከእጁ ሥር ያደርግና «ያዘው፣ አትፍራው» ይለኛል። ማርሹ ሲገባ መዳፌ ውስጥ ይሰማኛል። ያን ስሜት እስከ አሁን አልረሳሁትም።

እሺ፣ ወደ ምርጫው ልግባ። ሰው በብዛት ከ3 አንዱን ነው የሚያደርገው።

አንደኛው መሪው ሥር ያለው ዘንግ ነው። ወለሉ ነጻ ይሆናል። የሞዴል ኤ ውስጡ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ችግሩ ከመሪው ሥር እስከ ካምቢዮው የሚወርደው ማገናኛ ብረት ነው። በመሪው ሳጥንና በጭስ ማውጫው መሀል ሾልኮ ማለፍ አለበት። እኔ ጋ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም። የድሮ መኪና መሪ ፈትታችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ደግሞ የማርሽ ፊደሎቹን ቅደም ተከተል እዩ። ፒ ማቆሚያው፣ አር የኋላ ማርሽ፣ ኤን ዜሮ፣ ዲ ወደፊት መንጃው ነው። የመጀመሪያው በብዛት የተመረተ ሙሉ ኦቶማቲክ፣ በ1940 ኦልድስሞቢል ላይ የወጣው ሃይድራማቲክ፣ ፒ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረውም። የኋላ ማርሹም ጫፍ ላይ፣ ከዝቅተኛው የፊት ማርሽ አጠገብ ነበር። በወደፊቱና በኋላው መሀል ዜሮ ማርሽ የግድ ይኑር የሚለው የአሜሪካ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ1968 ነው።

ሁለተኛው ወለል ላይ የሚታሰርና በኬብል የሚጎትት ነው። ቢ ኤንድ ኤምና ኸርስት የሚባሉት ኩባንያዎች የሚሸጡት በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለውድድር የተሠሩት ግሩም ናቸው። አንዴ ስትመቱት አንድ ማርሽ ብቻ ነው የሚያልፈው። ደንግጣችሁ ወይ ቸኩላችሁ ዜሮ ላይ፣ ይባስ ብሎም የኋላ ማርሽ ላይ አትገቡም። ኸርስት በ1967 ፖንቲያክ ጂቲኦ መኪና ላይ የወጣ ባለ ሁለት መንገድ ዘንግ ነበረው። በአንዱ መንገድ እንደ ማንኛውም ኦቶማቲክ ትነዳላችሁ፣ በሌላው አንድ በአንድ ትቀያይራላችሁ። በጣም ያምራል። ግን 31 ፎርድ ውስጥ ባስበው ባስበው የውሰት ልብስ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ከካምቢዮው ጋር በራሱ ላይ የሚታሰር ነው። ሎካር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው እንዲህ ያሉ ናቸው። ወለሉ ይበሳል፣ ዘንጉ በቀዳዳው ይወጣል። ሞተሩና ካምቢዮው ጎማ ላይ ስለተቀመጡ ጋዝ ስትሰጡ ይነቃነቃሉ። ዘንጉም አብሯቸው ይነቃነቃል። ልክ እንደ ኤንትሬው።

ልቤ መጀመሪያውኑ ሦስተኛው ላይ ነበር። ግን ወለሉን መብሳት ፈራሁ። አንድ ሰው በኬብል የሚሠራ ዘንግ በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ መጣ፣ እሱን ገዛሁ።

ኬብል ሁለት ጫፍ አለው። ላይኛው ዘንጉ ላይ፣ ታችኛው ካምቢዮው ክንድ ላይ፣ ማርሹን በሚቀይረው ብረት ላይ፣ ይታሰራል። የኬብሉ ሽፋን ደግሞ ንቅንቅ እንዳይል በጠንካራ ብረት መያዝ አለበት። ያን ብረት እኔው ከቀጭን ላሜራ ቆርጬ ሠራሁት። ሲታይ ደህና ነበር። በእጄ ስገፋው አይነቃነቅም። ግን ዘንጉ በጉልበት ሲሳብ ትንሽ ይተጣጠፍ ነበር። ያቺ ትንሽዬ እጥፋት የኬብሉን ጉዞ ትበላዋለች። ላይ ዘንጉ ፒ ደርሷል፣ ታች ክንዱ ገና መንገድ ላይ ነው።

የቤታችን መግቢያ ቁልቁል ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ መኪናውን እዚያ አቆምኩት። ፒ አስገባሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። የእጅ ፍሬን አልያዝኩም። ወርጄ በሩን ዘጋሁ። ሦስት እርምጃ ያህል ሄጄ የጎማ ድምፅ ሰማሁ፤ ጠጠር ሲፈጭ የሚሰማው ዓይነት። ዞር ስል መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይል። ከጎረቤት የቆሻሻ በርሜል ጋር ተጋጭቶ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ያዘውና ቆመ። ሰው አልነበረም። ያ መንገድ ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት ነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት እንቅልፍ አጣሁ። ዓይኔን ስከድን የጎማው ድምፅ ይመጣል።

ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ፒ ሲባል ፍሬን አይደለም። ካምቢዮው ጭራ አካባቢ፣ ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ ከሚወስደው ሌላ ዘንግ ጋር የሚዞር ጥርስ ያለው ብረት አለ። ፒ ስታስገቡ አንዲት የብረት ጣት መጥታ በጥርሶቹ መሀል ትገባለች፣ ታንቀዋለች። በቃ ይኼው ነው። ክንዱ እስከ መጨረሻው ካልሄደ ጣቲቱ አትገባም፣ ወይም ጥርስ ጫፍ ላይ ታርፍና ትንሽ ነገር ሲነካት ትንሸራተታለች።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1970ዎቹ ከፎርድ ኦቶማቲክ መኪኖች ጋር በተያያዘ ትልቅ ጉዳይ ተነስቶ ነበር። ሹፌሩ ፒ አስገባሁ ብሎ ይወርዳል። ዘንጉ ግን በፒና በኋላ ማርሽ መሀል ነው ያረፈው። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ንዝረቱ ወደ ኋላ ማርሽ ያንሸራትተዋል ተባለ። ሰው ሞቷል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መረመረ። በ1980 መጨረሻ ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ወደ 23 ሚሊዮን ለሚጠጉ መኪኖች ባለቤቶች የማስጠንቀቂያ ተለጣፊ ወረቀት እንዲላክ ተወሰነ። ፒ መግባቱን አረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ የሚል። ይህን ያነበብኩት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። የ23 ሚሊዮን መኪና ጉዳይ ሁለት ብረት መሀል ያለች ክፍተት ውስጥ ነበረች።

ሰው ዘንግ ሲገዛ የሚያየው መልኩን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን መጀመሪያ የማየው ታች ያለውን ነው። ካምቢዮው ውስጥ እንደ መጋዝ ጥርስ ጎድጎድ ያለ ብረት አለ፣ በላዩ ጫፉ የሚንከባለል ሞላ ይጫነዋል። ቱርቦ 350 ላይ ጉድጓዶቹ 6 ናቸው። ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ 2፣ 1። ክንዱ ሁልጊዜ ከጉድጓዱ መሀል ማረፍ አለበት። በሁለት ጉድጓድ መሀል ከቆመ ዘይቱ የሚያልፍበት መንገድ በከፊል ይዘጋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ይንሸራተቱና ይቃጠላሉ። ስንት ካምቢዮ «ተበላሸ» ተብሎ ወርዷል መሰላችሁ፣ ጥፋቱ ላይኛው ዘንግ ሆኖ ሳለ። 700 አር 4 የሚባለው የጄነራል ሞተርስ ካምቢዮ ያላችሁ ደግሞ ቆጠራችሁ 7 ነው፣ ባለ 4 ማርሽ ስለሆነ። ለባለ 3 ማርሽ የተሠራ ዘንግ እሱ ላይ እንዲሁ አይሄድም።

ኬብሉን ፈታሁ። ላሜራውን ጣልኩት። በመጨረሻ ወለሉን ለመብሳት ወሰንኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ከመብሳታችሁ በፊት ወንበሩን እሰሩ። ስፖንጁም ቆዳውም ተለብሶ፣ በብሎኑ ታስሮ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ባዶ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፌ ተቀምጬ ነበር የለካሁት። ወንበሩ ሲገባ 1 ማርሽ ላይ ዘንጉ የወንበሩን ጠርዝ ይነካል። ባለ 23 ኢንቹን ዘንግ መልሼ ባለ 16 ወሰድኩ። ዘንጉን ከካርቶን ሠርታችሁ ከፒ እስከ 1 አንቀሳቅሱት። ፒ ላይ ዳሽቦርዱን እንዳይነካ፣ 1 ላይ ወንበሩን እንዳይነካ፣ መሀል ላይ ጉልበታችሁን እንዳይመታ። ዓይናችሁን ጨፍኑና እጃችሁን ጣሉት። የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ዲ መሆን ያለበት።

ከዚያ በትራፓኖ 4 ማዕዘኑን በሳሁ፣ መሀሉን በመጋዝ አወጣሁ። ቀዳዳው ሰፋ ማለት አለበት፣ ዘንጉ ከሞተሩ ጋር ይወዛወዛልና። ቀዳዳውን ግን ክፍት አትተዉት። የቆዳ ሽፋኑ ለጌጥ አይደለም። ከሥር ጎማ አድርጋችሁ በደንብ እሰሩት። የጭስ ማውጫው እዚያው ሥር ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።

ማስተካከሉን ከልጄ ጋር ነው የሠራነው። 17 ዓመቷ ነው፣ መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ነው ያወጣችው። መኪናውን በክሪክ አንስቼ በ4 የብረት መቆሚያ አሳረፍኩት። ከሥር ገባሁ። እሷ ወንበሩ ላይ ናት። መጀመሪያ ክንዱን ከታች በእጄ ገፍቼ ፒ አስገባሁት። እሷም ከላይ ዘንጉን ፒ ላይ አደረገች። ከዚያ የማገናኛውን ብረት ርዝመት ዳዶውን እያዞርኩ አስተካከልኩት። የማገናኛው ማሰሪያ ፒን ሳይገፋ፣ ሳይጎተት፣ በራሱ ወደ ቀዳዳው መግባት አለበት። ትንሽ እንኳ ከታገለ ልክ አይደለም። ሁለት ዙር መለስኩ፣ ግማሽ ዙር ጨመርኩ። ሰተት ብሎ ገባ።

«አሁን አንድ በአንድ ጥሪልኝ» አልኳት። ጣቴን ክንዱ ላይ አድርጌያለሁ።

«ፒ።»

ቀጭ። «አለ።»

«አር።»

ቀጭ። «አለ።»

እስከ 1 ወረድን፣ ተመልሰን ወጣን። 6ቱንም። ሁለተኛው ዙር ላይ 2 ስትል ጣቴ ሥር የደረሰው ድምፅ ደበዘዘብኝ። «ቆይ እናቴ፣ መልሺው» አልኳት። ዘንጉን ለቀቅ ስታደርገው በራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሩብ ዙር ጨመርኩ። «አሁንስ አባዬ?» ቀጭ። አለ።

የመነሻ መከላከያውንም ማብሪያ አሰርኩ። ሐምራዊው ሽቦ፣ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው፣ በእሱ በኩል ያልፋል። ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው አይዞርም። ብዙ ሰው ይህን ሽቦ ያለ ማብሪያው ያገናኘዋል፣ ሥራ ስለሚቀንስ። እባካችሁ አታድርጉት። እኔ መኪናው ገና በመቆሚያው ላይ እያለ፣ ፍሬን ረግጬ፣ ቁልፉን በ6ቱም ማርሽ ላይ ሞከርኩ። አር ላይ ዝም። ዲ፣ 2፣ 1፣ ሁሉም ዝም። ኤን ላይ ተነሳ። ፒ ላይ ተነሳ።

ያን ቀን ማምሻ መኪናውን እዚያው ቁልቁል ላይ አቆምኩት። ከኋላ ጎማው ጀርባ ታኮ አድርጌያለሁ፣ አንድ ጫማ ያህል ራቅ አድርጌ። መንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩን ልጄ አየችልኝ። ፒ አስገባሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁ። መኪናው ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ አለ። ከሥር ጠንከር ያለ «ቀጭ» ተሰማ። ቆመ። እጄ ዘንጉ ላይ ነበር፣ መዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ወረድኩ፣ ታኮውን ሄጄ አየሁት። ጎማው አልነካውም።