ያልተለወጠው ችግኝ መሞት አለበት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የግብርና ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የማወራው ባክቴሪያ ስለሚያመጣው የእንሰት በሽታ፣ ስለ እንሰት አጠውልግ ነው። ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል። ሲቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ያው ቢላዋ ሳይጸዳ ወደ ሌላው እንሰት ከሄደ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። ዓመታት የተለፋበት ተክል ቆጮና ቡላ ሊሆን ሲል ይበሰብሳል። በጣም ያሳዝናል!

ይኸው ባክቴሪያ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየና አካባቢውን አዳረሰ። በየማሳው ካሉት የሙዝ ዝርያዎች በአስተማማኝ የሚቋቋመው አልተገኘም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከፈረንጅ ቃሪያ ዘረ መል ወስደው ሙዝ ውስጥ አስገቡ። ዘረ መሉ ባክቴሪያው የገባበት ቦታ ያሉት ሴሎች ቶሎ እንዲሞቱ ያደርጋል። በሽታው እዚያው ታግቶ ይቀራል።

ዘረ መሉ መግባቱ በፒሲአር፣ ማለትም ዘረ መልን አባዝቶ በሚያሳይ የላብራቶሪ ምርመራ፣ ይረጋገጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተሳካ» ይላል። ገና ነው! ዘረ መሉ ገባ ማለት ተክሉ በሽታውን ቻለው ማለት አይደለም። ችግኙ ሆን ተብሎ መታመም አለበት። ከታመመ ተክል የተለየው ባክቴሪያ ይባዛል፣ መጠኑ ይለካል፣ ከዚያ በሲሪንጅ ቅጠሉ ላይ ይወጋል። አጠገቡ ያለው ያልተለወጠ፣ ማለትም ዘረ መሉ ያልገባበት፣ የዚያው ዝርያ ችግኝም እኩል ይወጋል። ከዚያ ለሳምንታት መጠበቅ ነው። የትኛው ቅጠል መቼ እንደጠወለገ ይመዘገባል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ያልተለወጠውን ነው። እሱ ካልሞተ ሙከራው ዋጋ የለውም። ባክቴሪያው ደክሞ ሊሆን ይችላል። መርፌው በደንብ ሳይገባም ቀርቶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የሌላው ችግኝ አረንጓዴነት ምንም አይነግረንም። ተማሪዎች፣ የተለወጠውን ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ሲያመጡላችሁ «ያኛውስ የት አለ?» በሉ።

ላብራቶሪ ያለፉት ሙዞች በ2010 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ፣ ካዋንዳ ላይ በተከለለ ማሳ ተተክለዋል። ምንም ምልክት ሳያሳዩ የዘለቁ ተገኝተዋል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ግን ሙዝ ሌላ፣ እንሰት ሌላ። የኡጋንዳ ውጤት ለጉራጌና ለሲዳማ ጓሮ ማረጋገጫ አይሆንም። ልውጥ እንሰት ይሠራ ከተባለ ከእኛው ማሳ በተሰበሰበ ባክቴሪያ ይወጋ። ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከደጋውም ከወይና ደጋውም ይምጣ። በሽታውን ሻል አድርጎ የሚችለው «ማዚያ» የተባለው የአገር እንሰትም አብሮ ይወጋ። አዲሱ ከማዚያ ካልበለጠ ይህን ሁሉ ምን አመጣው?

ሌላም አጥብቄ የምጠይቀው አለ። ቅጠሉ በሚመዘገብበት ቀን እንሰት የሚፍቁ እናቶች ይጋበዙ። የትኛው እንደተለወጠ ሳይነገራቸው ችግኞቹን ይዩ፣ የታመመውንና ጤነኛውን ይለዩ፤ የእነሱም ፍርድ ከባለሙያው ጎን በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።

አመሰግናለሁ።